አሳና ዋሳ በሀዋሳ

ሐሙስ

ሃምሳው ሳያልቅ ሀዋሳ እንሂድ ያለችው አክስቴ ናት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ እቤታችን ዓመቱን ሙሉ የሚካሄደው "አሳ ይጾማል፣ አይጾምም" ክርክር በእነዚህ ሳምንታት ዕረፍት ላይ ነው። አክስቴ አጥባቂ ጿሚ ናት፤ በጾም አሳ ቀርቶ የአሳ ሽታ ያለበት ቤት አትገባም። "በሃምሳ ካልበላሁት መቼ ልበላው ነው?" አለችና ሻንጣዋን ከዋዜማው ጀምራ በር ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ሀዋሳን የማውቃት በስብሰባ ነው። ከአዳራሽ ሆቴል፣ ከሆቴል አዳራሽ፣ በመጨረሻው ቀን ሐይቅ ዳር አንድ የተጠበሰ አሳ፣ ውሃው ከጀርባ የሚታይበት አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ። አብዛኞቻችን የምናውቃት ሀዋሳ ይህችው ናት ብል የሚቆጣኝ አይመስለኝም። አሳው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ባለአገሩ ሲዳማ እቤቱ ሲገባ የሚቀርብለት አሳ ሳይሆን ዋሳ ነው፤ ከእንሰት የሚሠራው፣ እኛ ቆጮ የምንለው። እንግዳው ሐይቁን እያየ አሳውን ይበላል፤ ባለአገሩ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ከጓሮው ይበላል። ሁለቱንም ሳንቀምስ ላንመለስ ተነሳን።

ከቃሊቲ መናኸሪያ የያዝነው ዶልፊን እስኪሞላ የፈጀው ጊዜ ከመንገዱ ጊዜ የሚያንስ አልመሰለኝም። የፍጥነት መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ የታጠፈውም እስከ ባቱ ስለሚያንደረድር፣ ድሮ ወገብ ይቆርጥ የነበረው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ አሁን ወሬ ሳይደራ ይጋመሳል። ቅር የሚለው መቂን ከሩቅ ማለፉ ነው፤ መንገድ ዳር ተከምሮ የሚሸጠው ሽንኩርትና ቲማቲም አብሮ ቀረ። ባቱ ላይ ሾፌሩ ለቁርስ ሲያቆም ከሐይቁ የወጣ አሳ ምጣድ ላይ ይንጫጫ ነበር። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። "ሀዋሳ አሳ ልትበላ ወጥተህ ባቱ ላይ ትበላለህ? ተው።" ሻይና ብስኩት ጠጥተንና በልተን ተሳፈርን።

አርሲ ነገሌ ላይ አረቄው በጀሪካን ተደርድሮ ይሸጣል። የነገሌ አረቄ ስሙ አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው። አክስቴ በውሃ ፕላስቲክ አስቀድታ ገዛች፤ "ለጉንፋን" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሻሸመኔ እንደ ልማዷ ተጨናንቃ ቆየችን፤ ወደ ባሌ የሚሄደው፣ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደውና ወደ ሀዋሳ የሚሄደው መኪና ሁሉ እዚያው ይተራመሳል። ከዚያ በኋላ ጥቁር ውሃ ድልድይ ነው፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ሀዋሳ ተጀመረች።

ሀዋሳ ገና በ1952 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ናት። የያኔዋ ሲዳሞ መቀመጫ ይርጋለም ነበረች፤ መቀመጫነቱ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። በፕላን ስለተሠራች መንገዷ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ ዘንባባ፣ ዳሩ ላይ ብስክሌት። ዳገት የለሽ ከተማ ለብስክሌት እንዴት እንደሚመች ለማየት እዚህ መምጣት ነው፤ ሸሚዙን ያልበተነ ሠራተኛ፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ ከኋላ ሦስተኛ ልጅ የጫነ ተማሪ፣ ሁሉም ይነዳል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ፔንሲዮን አገኘን። አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሏል። አክስቴ ለአንድ ሌሊት ብላ ልታስነሳው ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ቢምቢዎቹ ሐሳቧን አስቀየሯት። ማታ ዝናብ ጣለ፣ ሽሮ በልተን ተኛን።

ዓርብ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ደረስን። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ማታ ጥለው ጎህ ሲቀድ ስለሚያወጡት፣ ረፋድ ላይ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የገበያውን ርዝራዥ ነው። በር ላይ ጥቂት ብር ከፍለን ወደ ውሃው ወረድን። የእንጨት ጀልባዎቹ አፍንጫቸውን ጭቃው ላይ አሳርፈው ተደርድረዋል። ጎረምሶች መረቡ ላይ ጎንበስ ብለው የተጠላለፈውን አሳ አንድ በአንድ እየፈለቀቁ ዳር ይወረውራሉ። የሚሸጠው በብዛት ቆሮሶ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ጢም ያለው አምባዛ። አክስቴ አምባዛውን ስታይ ፊቷን አዞረች። ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም በሚለው ኦሪት የሚመራ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ሻጮቹም ለምደውታል፤ ነጠላ የለበሰ ሲመጣ ቆሮሶውን ወደፊት ይገፉታል።

ዳሩ ላይ ቢላ ይዘው የተቀመጡ ልጆች አሉ። ከአንዱ አጠገብ ቆምኩ፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ቆሮሶውን በግራ እጁ ጨብጦ ከጉንጩ ሥር በሰያፍ ቆረጠ። ቢላውን አጋደመና አከርካሪውን እየታከከ እስከ ጭራው ሳበው፤ ገልብጦ በሌላው ጎን ደገመው። ከዚያ የቆዳውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን በእጁ ሳብ ሲያደርገው ፊሌቶው እንደ ወረቀት ተላጠ። አንድም እሾህ አልቀረበትም። ቢላው ከመሳል ብዛት ምላጩ ከጣት ቀጥኗል፣ እጀታው በጎማ ተጠምጥሟል። አክስቴ አላስቻላትም።

"ልጄ፣ ጥርስህን አትጎዳውም?"

"ማዘር፣ ጥርስ ለምን ተሠራ?"

አክስቴ ሳቀች። ልጁ አልሳቀም፤ ቀጣዩን አሳ አነሳ።

የልጆቹን ትርፍራፊ የሚጠብቅ ሌላ ሠራዊት ደግሞ ከኋላቸው ቆሟል፤ አባ ኮዳ። ፎቶ ላይ ያየው ሰው መጠኑን አይገምተውም፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ክንፉን ሲዘረጋ አጠገቡ ያለ ሰው ሁሉ ወደኋላ ይላል። መላጣ ራስ፣ ከአንገቱ የተንጠለጠለ ሮዝ ከረጢት፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ አቋቋም። ራሱ የተመለጠው ጥንብ ውስጥ ስለሚያስገባው ነው፤ ላባ ቢኖረው ደሙ ይጋገርበት ነበር። ነጭ የሚመስለው እግሩም ነጭ አይደለም፤ በሙቀት ጊዜ ለመቀዝቀዝ ብሎ የራሱን ኩስ ይለቅበታል፣ ሲደርቅ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ይህን ስነግራት አክስቴ "ኤዲያ! ቁርስ ሳልበላ?" አለችና ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ልጁ አንጀት በወረወረ ቁጥር ሦስት አራቱ ይንደረደራሉ፤ ምንቃራቸው ሲጋጭ የጣውላ ድምፅ ያሰማል። ሰውን ግን አይነኩም። በተለይ ትናንሾቹ ልጆች ከነሱ መሐል እየተሹለከለኩ ሲሮጡ ማየት ለእንግዳ ያስደነግጣል፣ ለእነሱ ግን ከዶሮ የተለየ ነገር አይደለም።

ቁርሳችንን እዚያው በላን። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጥቂት ምጣዶች ተጥደዋል። አሳው ጎንና ጎኑ በቢላ ተሸንሽኖ ይጠበሳል፤ ሽንሽኑ ዘይቱን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው ቆዳው ሲንኮሻኮሽ ሥጋው እንፋሎት ይዞ ይቀራል። አጠገቡ ዳጣ በትንሽ ሳህን። ዳጣው ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመም የተፈጨ ስለሆነ ቀለሙ የዋህ ይመስላል፤ እሱን አምኖ የጠቀሰ ሰው ግን ውሃ መጥራቱ አይቀርም። ሾርባው በብርጭቆ ይቀርባል፤ ከአሳው ራስና አጥንት የወጣ፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት። አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት ጎልማሶች ሦስተኛ ብርጭቆ ሲያዙ አስተናጋጇ "ትናንት ማታ የት አመሻችሁ?" ብላ አሾፈችባቸው። ሾርባው ስካር ይሰብራል የሚባለው እውነት ይሁን አይሁን፣ ገዢ ያመጣለታል።

ጥሬ አሳም አለ። ፊሌቶው እዚያው ተከታትፎ በሎሚና በዳጣ ይበላል፣ ደፋሮቹ ቆመው ይጎርሱታል። እኔ ዱለቱን መረጥኩ፤ አሳው ደቅቆ በቃሪያና በሽንኩርት ምጣድ ላይ ለብ ለብ የተደረገ ነው። ሆቴል ውስጥ በጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ከቀረበልኝ አሳ ሁሉ ይህ ይበልጣል ብል ማጋነን አይደለም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ ከውሃ ወጥቶ እሳት ላይ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ የአንድ ባጃጅ መንገድ እንኳ አይሞላም።

ጀልባውን ሲጠርግ ያገኘነው አንድ አዛውንት አስጋሪ ግን ደስ የሚል ነገር አልነገረንም። "ጋሼ፣ አሳው እንዴት ነው?" ስለው ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን ከክርኑ ላይ አኖረ፤ ድሮ ይህን ያክል ነበር ማለቱ ነው። ከዚያ መዳፉን ወደ አንጓው አወረደው። አስጋሪው በዝቷል፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ ደግሞ ገና ያልወለደውን ጭምር ይጠርጋል። ሳህናችን ላይ ከነበሩት ሁለቱ ቆሮሶዎች አንደኛው የመዳፌን ያክል ስለነበር የሚከራከረው አላገኘም።

ጀልባ መያዝ ያለበት ሰው በጠዋት ይያዝ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይቆጣል፣ ጀልባ ነጂዎቹም ዋጋቸውን ይሰቅላሉ። እኛ ዋጋውን መጀመሪያ ቁርጥ አድርገን፣ የዋና ሰደርያ መኖሩን አይተን ወጣን። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱ ግን ከ20 ሜትር ብዙም አይዘልም። ከጨለለቃ ረግረግ ወርዶ የሚገባበት ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ነው፤ የሚወጣ ወንዝ የለውም። መውጫ የሌለው ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጎመዝዛል፣ ሻላን ማየት ነው። ሀዋሳ ግን ከመሬት ሥር እየሰረገ ስለሚሄድ ነው የሚባለው፣ ውሃው ጨው አልሆነም፣ ቆሮሶውም ለዚህ ነው የሚኖርበት። ቄጠማው ጥግ ላይ ጉማሬዎቹን አየናቸው፤ ጆሮና አፍንጫ ብቻ። አክስቴ ጀልባዋን በሁለት እጇ ይዛ "በቃ፣ አየናቸው፣ መልሰን" አለች። ልክ ነበረች። ጉማሬ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነው የሚገለብጠው።

ስንወርድ ዋርካው ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ፤ ነጭ ካባቸው እስከ ጅራታቸው ተዘርግቶ። ጉሬዛ ቅጠል በል ስለሆነ ከሰው ሳህን ጉዳይ የለውም። ችግሩ ጦጣዋ ናት። አክስቴ ለመንገድ ብላ በፌስታል የያዘችውን ዳቦ ከእጇ ላይ መንትፋ ስትወጣ ያየነው ጅራቷን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አክስቴ ስለ ጉሬዛ ጨዋነት የማትናገርበት ሰዓት አልነበረም።

ቅዳሜ

ጠዋት ታቦር ተራራ ለብቻዬ ወጣሁ። ተራራ ይባል እንጂ ፈጣን እግር ላለው ረጅም ጉብታ ነው። ከላዩ ሐይቁ፣ ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ በወዲያ ማዶ አላሙራ፣ ሁሉም ይታያል። ውሃ ይዞ መውጣት፣ ሳይሞቅ መውረድ። ሌላ የምለው የለኝም።

የዕለቱ ጉዳይ ምሳው ነበር። ሲዳማ የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቦቹ ሐዌላ ቱላ ናቸው። ቱላ ከሀዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዷ ብትሆንም አስፋልቱን ለቅቆ ትንሽ ሲገቡ ገጠር ናት፤ ቤቱ ሁሉ በእንሰት ተከቦ ጣራው ብቻ ይታያል። የባልደረባዬ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። አማርኛቸው ጥቂት ነው፤ የአክስቴ ሲዳምኛ ደግሞ ምንም። ይሁንና ልጁ ሊያስተረጉም እስኪደርስ ሁለቱ ጓሮ ገብተው ነበር።

እንሰትን የማያውቅ ሰው ሙዝ ነው ይላል፤ ፍሬውን ቢጠብቅ ግን ይራባል። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ከተተከለ በኋላ አራትም ሰባትም ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፤ ሴቶቹ ግንዱን ሳንቃ ላይ አስደግፈው ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ በቅጠሉ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። ሳምንታትም ወራትም እንደ ብርዱ እዚያው ይብላላል። ሲፋቅ ከሚጨመቀው ፈሳሽ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። የቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ገመድ ይሠራበታል፤ ቅጠሉ ደግሞ ጉዝጓዝም፣ ጥላም፣ መጠቅለያም ነው። በአገራችን ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሰው የሚኖረው በዚህ ተክል ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ጤፉ ሲደርቅ እሱ ግን ግንዱ ውስጥ ያጠራቀመውን ውሃ ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ስንት ጊዜ በጉዞ መስኮት አይቼው "ሙዝ ብዙ ነው" ብዬ አልፌው ይሆን።

እማማ ከጉድጓዱ የወጣውን ዋሳ ጨርቅ ውስጥ አድርገው ጨመቁ። ውሃው ጠብ ጠብ እስኪል፣ ከዚያ ጠብ ማለቱን እስኪተው። የኮመጠጠ ሽታ አለው፤ አዲስ ለሆነ አፍንጫ ይከብዳል። ከዚያ ጣውላ ላይ ዘርግተው በረጅም ቢላ ደጋግመው መተሩት። ጭረቱ ጥርስ ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ ግን ሥራው ማብቂያ የለው። አክስቴ "እኔ ልያዘው" ብላ ቢላውን ተቀበለች፣ ትንሽ ሞክራ ክንዷን እያሸች መለሰች። እማማ አንድ ነገር ብለው ሳቁ፤ ልጁ ሊተረጉም አልፈለገም።

ምጣዱ ላይ ሲፈስ ሽታው ተቀየረ። ኮምጣጣነቱ ለቀቀና ቆሎ ቆሎ ይል ጀመር። ቡናማ ሳይሆን ገና ክሬም ቀለሙ ላይ እያለ አወረዱት፣ የነጠረ ቅቤ አፈሰሱበትና በእጃቸው አሹት። ይህ ነው ቡርሳሜ የሚባለው። ሻፌታ በሚሉት ሰፊ የሸክላ ሳህን ላይ ተከምሮ መጣ፤ መሐሉ ላይ በጣት በተሠራች ጉድጓድ ሌላ ቅቤ ተኝቷል፣ ከጎኑ እርጎ። መጀመሪያ የቤቱ ትልቅ፣ አባትየው፣ ቀመሱ። ከዚያ አክስቴ፣ በዕድሜ ቀጣይዋ ስለሆነች። እኔ ጠበቅኩ።

አክስቴ ቆጮን የምታውቀው ከክትፎ ጋር ነው፤ የጉራጌው ቆጮ ቂጣ ሆኖ፣ ጠፍጥፎና ተቆራርጦ። ይሄ ደግሞ ተበትኗል፣ ቅቤውን እያንዳንዱ ቅንጣት ጠጥቶታል፤ አፍ ውስጥ መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ይቀልጣል፣ መጨረሻ ላይ ያ ኮምጣጣ ነገር ብቅ ብሎ እርጎውን ይጠራል። ጣፋጭ ነው አልልም፤ አጥጋቢ ነው። ሦስተኛ ማንኪያ ላይ ሆዴ ቆመ፣ እጄ ግን አልቆመም። አሳ ከበላን ከሰዓታት በኋላ ተርበን ነበር፤ ከቡርሳሜ በኋላ እራት ማንም አላነሳም።

ፊቼ ጫምባላላን ሳንደርስበት መምጣታችን ግን አስቆጨን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ በካላንደር አይታወቅም፤ አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ አይተው ይወስኑታል፣ ከዚያ በየገበያው ይታወጃል። በዋዜማው ማታ ቤተሰቡ ከርጥብ እንጨት በተሠራ ቅስት ሥር ሾልኮ ወደ አዲሱ ዓመት ይሻገራል፣ ቡርሳሜውም ያን ሌሊት በአንድ ሻፌታ ይበላል። በማግስቱ ልጆች "አይዴ ጫምባላላ" እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ በየቤቱ ያጎርሷቸዋል። ቀኑን ከብት አይታረድም፣ ዛፍ አይቆረጥም። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ባልደረባዬ ግን ስለ ዩኔስኮ ሲያወራ ሳይሆን፣ በልጅነቱ ስንት ቤት ዞሮ ስንት ጊዜ እንደጎረሰ ሲያወራ ነበር ዓይኑ የሚበራው።

ቡናው ከጓሮው ነው። ከተቀቀለ በቆሎ ጋር ቀረበ። አክስቴ ስኳር ስትጠይቅ ሁሉም ዝም አሉ፤ አንዱ ልጅ ሱቅ ተላከ። በፊት ያለ ስኳር አንድ ስኒ ጠጥታ ስለነበር፣ ስኳሩ ሲመጣ ሁለተኛውንም ያለሱ ደገመችው።

ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ነበርን። ወጣቱ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ይንሸራሸራል፣ በቆሎ ጠባሾቹ ከሰሉን ያራግባሉ። በጭማቂ ቤቶቹ ስፕሪሱ በማንኪያ ነው የሚበላ እንጂ አይጠጣም፤ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎና ፓፓያ፣ ሎሚ ተጨምቆበት። አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ነበር። የሀዋሳ ሰው ስለ ኳስ ሲነሳ 1996 እና 1999 ብሎ ይጀምራል፤ ሀዋሳ ከተማ ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳባቸው ዓመቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስላለው ጠይቄ ድራፍቴን ሳልጨርስ ወሬው ወደ ዳኝነት ተቀየረ።

እሁድ

አክስቴ ገና ሳይነጋ ቅዱስ ገብርኤል ሄዳለች። ከሐይቁ መንገድ ጫፍ ላይ፣ አደባባዩ አጠገብ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 እዚህ መድረሻ እንደማይገኝ የባጃጁ ሾፌር ነግሮኛል፤ እሱ ራሱ ያን ቀን ከዋናው መንገድ ይርቃል። ቅዳሴው ሲያልቅ አክስቴን ከነጭ ለባሹ መሐል ለማግኘት ዓይኔ ተንከራተተ፤ በመጨረሻ ያገኘችኝ እሷ ናት።

ከዚያ ኮንትራት መኪና ይዘን ወንዶ ገነት። መንገዱ በጫት፣ በእንሰትና በቡና መሐል ያልፋል፤ ተራራው ሲቀርብ አየሩ ይቀዘቅዛል። ፍልውሃው ከተራራው ሥር ነው የሚመነጨው። የመዋኛ ገንዳው በእሁድ ቀን ለእኔ አይሆንም፤ ሙዚቃ፣ ጩኸት፣ ኳስ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ገንዳውን ትቶ ወደ ምንጩ መውጣት ይሻላል። ከላይ ውሃው ከድንጋዩ ሥር እየተንተከተከ ይወጣል፣ እንፋሎቱ ፊት ያርሳል። አንድ እረኛ ልጅ ድንች በከረጢት አስሮ ውሃው ውስጥ ነክሯል፣ ገመዱን በድንጋይ አስሮታል። ሲበስል አወጣው፣ ላጠ፣ ለእኛም አንድ አንድ ሰጠን፤ ጨው ከኪሱ። አክስቴ ገንዘብ ስትሰጠው ተቀበለና ሌላ ድንች ጨመረላት። በመመለሳችን ላይ እግሯን ከታች ካለው ለብ ያለ ውሃ አስቀመጠች፤ "ጉልበቴን ለቀቀኝ" አለች። ፍልውሃ የገባ ሁሉ የሚለው ነው፣ ግን ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ወጣች።

ሰኞ

መመለሻችን ከሰዓት ስለነበር ጠዋቱን ለገበያ አዋልነው። ቡና ስትገዙ የታጠበ ነው ያልታጠበ ብላችሁ ጠይቁ። የታጠበው ጠራ ብሎ የሎሚ ዓይነት ኮምጣጣነት ያለው ነው፤ በፀሐይ ከነገለባው የደረቀው ወፈር፣ ጣፈጥ ይላል። እኔ የደረቀውን ወሰድኩ። አክስቴ ሁለቱንም አሽትታ፣ ቀምሳ፣ ሻጩን አስፈልታ፣ መጨረሻ ላይ ከሌላ ሻጭ ገዛች። ከአለታ ጩኮ የመጣ አናናስም ይዛለች፤ ተገላብጦ ሥሩ ሲሸተት ካልሸተተ አትግዙ ብላ ለማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ስታስተምር ነበር።

ቆሮሶ ፊሌቶ በበረዶ ታሽጎ በነጭ ሳጥን ይሸጣል፤ ሳጥኑ በፕላስተር በደንብ ከተጠቀለለ አዲስ አበባ ድረስ ጤነኛ ነው። የዶልፊኑ ረዳት ሳጥኑን ሲያይ አፍንጫውን ያዘ።

"ይሄ እንደ ሰው ይከፍላል" አለ።

"ወንበር ስጠውና ይክፈል" አለችው አክስቴ።

ተከራከሩ፣ ሾፌሩ ጣልቃ ገባ፣ ሳጥኑ በግማሽ ሂሳብ ከኋላ ተጫነ። ቡርሳሜውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው እማማ የላኩልንን ግን ረዳቱ አላየውም፤ አክስቴ ጉያዋ ውስጥ ነበር ያስቀመጠችው። ሻሸመኔ ሳንደርስ ፈታችውና ለረዳቱም አጎረሰችው።